እናቴን ከነጾሟ ሦስት አገር አሳይታ ለመለሰችልን እህታችን

ወገኖቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በተለይ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ በአደባባይ ማመስገን ያለብኝ ሰው ስላለ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።

ለፈረንጆቹ ገና የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አውሮፓን አይተን እንምጣ ብለን ተነሳን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና የ71 ዓመቷ እናቴ። የነበረን አሥር ሌሊት ነው፤ እኔ ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት ግን ስድስት ከተማ። ጓደኛዬ የሰጠችኝ የጉዞ ወኪል ጋ ደወልኩ። ዋጋ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እማማ የያዙት ፓስፖርት የየት አገር ነው?» ብላ ነው።

እናቴ ግሪን ካርድ አላት፣ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው። እኛ አራታችን በአሜሪካ ፓስፖርት ዝም ብለን ስንገባ እሷ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በአንድ የሚያስገባ ቪዛ፣ ያስፈልጋታል። ይህን ሳናውቅ ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ የገዛነው፣ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት መና ቀርቶብናል፤ የሸጠልን ሰው ስለ ቪዛ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያኔ እናቴ «በእኔ ምክንያት አትቅሩ፣ እናንተ ሂዱ» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣም። ጥያቄውን ስሰማ እንባዬ መጣ።

ማመልከቻውን ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር መግባት አለበት። ግን በዓል ሲቃረብ ቀጠሮ ማግኘት መከራ ነው። ወኪሏ ገና መስከረም ላይ አስያዘችልን። ብዙ አገር ለሚዞር ሰው ማመልከቻው የሚገባው ረጅም ጊዜ ለሚቆይበት አገር ስለሆነ ቪየናን አራት ሌሊት፣ ቡዳፔስትንና ፕራግን ሦስት ሦስት ሌሊት አድርጋ ለኦስትሪያ አመለከትን። እስከ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነውን የጤና ኢንሹራንስም፣ የሆቴሎቹን ማረጋገጫም በአንድ ፋይል አደራጅታ ሰጠችን። ለአሻራ እናቴን ይዤ ስሄድ የጎደለ አንድ ወረቀት አልነበረም።

ስድስቱን ከተማ ወደ ሦስት ስታወርድብኝ ተከራክሬያት ነበር። «ሻንጣ ስትጭኑና ስታወርዱ ነው የምትውሉት፤ የእማማ ጉልበትም አይችልም» አለችኝ። ልክ ነበረች። ቅደም ተከተሉንም ያወጣችው አስባበት ነው። ቡዳፔስት ውስጥ ዲሴምበር 24 ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ገደማ መደበኛው ትራንስፖርት ስለሚቆም ያንን ቀን ቪየና አደረገችው፤ እዚያ ሜትሮው ይሠራል። የቪየና ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ያለው የገና ገበያ 26 ላይ ሲያበቃ፣ የፕራጉ የአሮጌው ከተማ አደባባይ ገበያ ግን እስከ ጃንዋሪ 6 ስለሚቆይ ፕራግ መጨረሻ ሆነች። ትኬቱም ተራ ደርሶ መልስ አይደለም፤ በቡዳፔስት ገብተን ከፕራግ ወጣን። በመሀል ያለውን በባቡር ሄድን፤ ከቡዳፔስት ቪየና ሦስት ሰዓት አይሞላም፣ ከቪየና ፕራግ አራት ሰዓት ያህል ነው። የበዓል ባቡር ይሞላልና መቀመጫ አስቀድማ ይዛልን ነበር፤ ኮሪደር ላይ የቆመውን ሰው ሳይ ነው የገባኝ።

ከሁሉ በላይ ግን ጾሙን አልረሳችም። የነቢያት ጾም ላይ ነበርን፤ እናቴ ደግሞ ባሕር ማዶ ነኝ ብላ የምትገድፍ ሰው አይደለችም። እህታችን በየከተማው ቅቤና እንቁላል የማይገባበት ምግብ የሚሠሩ ቤቶችን ከሆቴላችን አቅራቢያ መርጣ፣ «መንገድ ላይ የሚጠበሰውን ቼስትነት የሚባል ፍሬ ለእማማ ግዙላቸው፤ ቡዳፔስት የሚሸጠው ጥቅል ዳቦ ግን ቅቤ አለበት» ብላ ጻፈችልን። ቪየና 25 እና 26 ሱቅ ሁሉ ሲዘጋም ዋናው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለው ሱፐርማርኬት ክፍት መሆኑን ነግራን ስለነበር እናቴ ፍራፍሬዋንም ዳቦዋንም አላጣችም።

ቡዳፔስት ሴቼኒ የሚባለው በ1913 የተከፈተው ፍል ውሃ የእህታችን ሐሳብ ነው። እናቴ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። ገብታ ግን በዚያ ብርድ እንፋሎቱ ሲነሳ «ይሄማ የእኛው ፍልውሃ ነው!» ብላ ለመውጣት እንቢ አለች።

አንድ ነገር ላንሳ። እህታችን ቀን ሥራ ስለሚበዛባት ለመልእክት የምትመልሰው ማታ ነው፤ ታገሷት። የአገልግሎት ክፍያዋን ግን ከመጀመሪያው ቁጭ አድርጋ ነገረችን፣ በኋላም አንድ ሳንቲም አልጨመረችም።

ዲሴምበር 30 ተመለስን። በእኛ ገና ዕለት ጠዋት፣ እናቴ ዶሮዋን ስታወጣ፣ ደውላ «የእማማ ጉልበት እንዴት ሆነ?» አለችኝ። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት እሰጣችኋለሁ። ቪዛ የሚያስፈልገው ወላጅ ያላችሁ ግን እስከ ኅዳር አትቆዩ፤ በመስከረም ደውሉላት።