ለፔት ስካን ባለሙያዋ እህታችን ምስጋና፣ ቀጠሮ ላላችሁም ጥቆማ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ ሊምፎማ ወይም ማይሎማ የተባለ የደም ካንሰር ተገኝቶባችሁ ፔት ሲቲ ስካን (ካንሰሩ በሰውነት ውስጥ የት እንዳለ የሚያሳይ የምስል ምርመራ) የታዘዘላችሁ ወገኖቻችን፣ ይህ ለእናንተ ነው። በደም ካንሰር ሕክምና ላይ የምንሠራ ነርሶች፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ የምርመራ ማዕከል ውስጥ የምትሠራ የኒውክሌር ሕክምና ቴክኖሎጂስት እህታችንን ከልብ እናመሰግናለን። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ አልፈቀደችም። ሥራዋ ግን ሊነገርላት ይገባል።

የሥራዋ ግማሽ የሚያልቀው በቀጠሮው ዋዜማ፣ በስልክ ነው። ለምርመራው በደም ሥር የሚሰጠው ኤፍዲጂ የተባለ መድኃኒት፣ ፍሎሪን-18 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተያያዘበት የግሉኮስ (የስኳር) ዓይነት ነው፤ ስኳር አብዝቶ የሚፈጅ የካንሰር ሕዋስ ወደ ውስጡ ይስበዋል፣ መሣሪያውም ቦታውን ያሳያል። ቁርስ ቀምሶ የመጣ ሰው ግን ኢንሱሊኑ ከፍ ስለሚል መድኃኒቱ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ጭንና ክንድ ደምቆ ዕጢው ይደበዝዛል። እንጀራና ድንች የበዛበት ራትም የልብን ጡንቻ አድምቆ አጠገቡ ያለውን ንፍፊት ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ «እናቴ፣ ዛሬ ማታ ምን ሊበሉ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ጾም ከሆነ «ሽሮና ምስሩ ለነገ ይቆይ፣ ለዛሬ ጎመንና ሰላጣ በዘይት ይሁን» ትላለች፤ ፍስክ ከሆነ ዕንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ። ከዚያ ቢያንስ 6 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም የለም፤ ማስቲካም ጭምር፣ የመንጋጋ ጡንቻን ያደምቃልና። እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ጾም መስሏቸው ውሃም ሳይቀምሱ የሚመጡ እናቶች ስላሉ፣ ውሃ እንዲጠጡ ደጋግማ ታሳስባለች። ይህን በእንግሊዝኛ የታተመ ወረቀት ሰጥቶ ማለፍ ቀላል ነበር።

ስኳር ሕመምተኞችን በተለይ ትከታተላለች። ከመርፌው በፊት የደም ስኳር ይለካል፤ ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ብዙ ጊዜ ቀጠሮው ይዛወራል። ፈጣን ኢንሱሊን ተወግቶ 4 ሰዓት ሳይሞላው የምርመራውን መርፌ መወጋት አይቻልም። ሜትፎርሚን አንጀትን ስለሚያደምቅ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ከ48 ሰዓት በፊት ይቆማል። በራሳችሁ ግን መድኃኒት አታቁሙ።

መርፌው ላይ ያላት ጥንቃቄ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ሕመሙ በግራ ብብት ከሆነ የምትወጋው ቀኝ ክንድን ነው፤ መጀመሪያም በጨው ውሃ ትፈትሸዋለች። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ በዚያ በኩል ያለው የብብት ንፍፊት ሊደምቅና በሽታ ሊመስል ይችላል። ከዚያ 60 ደቂቃ ሳያወሩ፣ በሞቀ ብርድ ልብስ መተኛት ነው። ብርድ የሰማው ሰው አንገቱና ትከሻው ላይ ያለው ቡናማ ስብ ያበራል፣ እሱም ንፍፊት መስሎ ያሳስታል። ፍሎሪን-18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ አታርፍዱ፤ የታዘዘላችሁ መድኃኒት እየቀነሰ ነው።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናት ግን በክትትል ምርመራ ላይ ነው። በሆጅኪን ሊምፎማ ኤቢቪዲ ከተባለው ኬሞ 2 ዙር በኋላ ምስሉ በዶቪል መለኪያ ከ1 እስከ 5 ይመደባል። ዕጢው ከጉበት በላይ ካልደመቀ እስከ 3 ነው፣ ብዙ ጊዜም ብሊዮማይሲን የተባለው፣ ሳንባን የሚጎዳው መድኃኒት ሊቀር ይችላል፤ ከጉበት በላይ ከደመቀ 4 ወይም 5 ነው፣ ሕክምናውም ሊጠነክር ይችላል። ከመርፌው በኋላ ጊዜው በገፋ ቁጥር ዕጢው እየደመቀ ጉበቱ እየፈዘዘ ስለሚሄድ፣ አንዱን ምስል በ60 ሌላውን በ90 ደቂቃ ማንሣት 3ን 4 ሊያስመስል ይችላል። እሷ የቀደመውን መዝገብ ሳታይ አትጀምርም፤ መሣሪያውም ደቂቃውም እንደ ፊተኛው ይሆናል። የነጭ ደም ሕዋስ ማሳደጊያ መርፌ የተወሰደበትን ቀን ትጠይቃለች፤ ከ2 ሳምንት በታች ከሆነ መቅኔው በሙሉ ስለሚያበራ ለሐኪሙ ትደውላለች። ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚነሣውም ከመጨረሻው ኬሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቢቆይ ይመረጣል። ቲቢ ነበረባችሁ ወይ ብላ መጠየቋን ደግሞ እንደ ነቀፋ አትዩት፤ ቲቢም እንደ ሊምፎማ ስለሚያበራ ምስሉን ለሚያነበው ሐኪም ጽፋ ታስተላልፋለች። በቅርቡ ክትባት ከወሰዳችሁም በየትኛው ክንድ እንደሆነ ንገሯት።

ማይሎማ ያለባችሁ፣ አንዳንዱ ማይሎማ ኤፍዲጂን ስለማይስብ ንጹሕ ምስል ብቻውን አያሳርፍም፤ የደምና የመቅኔ ምርመራው ይቀጥላል። ለአብዛኛው ሉኪሚያ ደግሞ ዋናው ምርመራ ደምና መቅኔ ስለሆነ፣ ሐኪም ሳያዝ ለፔት ገንዘብ አታውጡ።

የማዕከሉን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ ተናጋሪዋ ባለሙያ የምትገባበትን ቀን ጠይቁ፤ የቀድሞ ምስላችሁን በሲዲ፣ የመድኃኒት ዝርዝራችሁንም በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።