ጫማ አይቶ ሒሳብ የሚጠይቀው የኮምቦልቻው ሽሮ ቤት

ታፔላ የለውም። ኮምቦልቻ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወደ ከተማ በሚያመጣው መንገድ ዳር፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት የቆርቆሮ ቤት ነው። ባለባጃጁን «እትዬ ሽሮ ቤት» ካላችሁት ያደርሳችኋል። እኔ የምኖረው ደሴ ነው። በየቀኑ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እሠራለሁ፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ሦስት ዓመት ምሳዬን የበላሁት እዚህ ቤት ስለሆነ ትንሽ ባወራለት አይበዛበትም።

ከምግቡ ልጀምር። ተጋቢኖው በሸክላው እየተንተከተከ ይመጣል። ሽሮውን ባለቤቷ እትዬ ራሷ አስለቅማ ነው የምታስፈጨው። ነጭ ሽንኩርት አትሰስትም። እንጀራው ማሽላ ይገባበታል፤ ነጭ ጤፍ የለመደ ሰው መጀመሪያ ቀን ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል፣ በሦስተኛው ቀን ግን ጭማሪ ይጠይቃል። ቃሪያው ያስለቅሳል። ዓርብ ዓርብ ጨው ይበዛል። ነግሬያታለሁ፣ «እሺ ልጄ» ብላኛለች፣ አሁንም ይበዛል።

የእጅ መታጠቢያው አንዲት ጀሪካን ናት። ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ከመጣችሁ ባዶዋን ታገኟታላችሁ። ጭሱም ልብስ ላይ ይቀራል፤ ቢሮ ስመለስ የት እንደበላሁ ማንም አይጠይቀኝም።

የቤቱ አንድ ትልቅ ጥቅም ሽሮ ብቻ መሆኑ ነው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ጓደኛሞች ምሳ ሲወጡ ሥጋ ይለያያቸዋል። ሽሮ አይለያይም። አንድ ትሪ ላይ አራት እጅ ይገባል።

አሁን ወደ ዋጋው። ኖርማል 90 ብር፣ ስፔሻል 180። ስፔሻል ማለት ያው ሽሮ ሆኖ ቅቤ የገባበት ነው። ቅቤ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አንዲት ማንኪያ ቅቤ 90 ብር አትሞላም። አንድ ቀን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነገሩ ከነከነኝና ጠየቅኋት። «እትዬ፣ ስፔሻሉ ላይ አልበዛም?»

«ቅቤው ለበላው፣ ትርፉ ለልጆቹ» አለችኝ።

ልጆቹ የምትላቸው የፋብሪካ ሴቶቹን ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንድ ኖርማል ለሁለት ያዝዛሉ። እንጀራው ሲያልቅ ጭማሪ ይመጣል፤ ለነሱ ጭማሪው ሒሳብ የለውም። ለሱፐርቫይዘሩ፣ ለተቋራጩና ለመኪና ሹፌሩ ግን 20 ብር ነው። ማን ማን እንደሆነ እንዴት ትለያለች? ጫማ ታያለች። ቀና ብላ ፊት እንኳ አታይም። ረቡዕና ዓርብ ጾመኛው በዘይት ስለሚበላ ስፔሻሉ ይቀዘቅዛል፤ በእነዚያ ቀናት የልጆቹ ጭማሪ እንጀራም ትሳሳለች። ሙስሊም ደንበኞቿ ባይኖሩ ኖሮ ጭራሽ የምትቀር ይመስለኛል።

አንዷ ልጅ ደመወዟን ነገረችኝ፤ 3,200 ብር። ፋብሪካዋ ምሳ አይሰጥም። እዚያው ናፕኪን ላይ ሠራሁላት። ጡረታ 7 በመቶ፣ 224 ብር። የሥራ ግብር 180። እጇ ላይ የሚደርሰው 2,796 ብር ነው። በወር 26 ቀን ብቻዋን አንድ ኖርማል ብትበላ 2,340 ይሆናል። ለቤት ኪራይ፣ ለሳሙና፣ ለቁርስና ለእራት፣ ለእናቷ የሚተርፋት 456 ብር ነው። ለዚህ ነው ሽሮው ለሁለት የሚሆነው። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ «ተባብረው ሲበሉ ደስ ይላሉ» ብያለሁ! አፈርኩ።

ይህን ሁሉ የማነሳው ምርጫ ስለሆነ ነው። ማንን እንደምመርጥ አልወሰንኩም። መንገድና ሕንፃ የሚቆጥርልኝ ሞልቷል። ፓርኩም በሐምሌ 2009 ሲመረቅ እልል ብለናል፣ እኔም ብያለሁ። አሁን ግን የሚመጣውን ሁሉ በዚያች ናፕኪን ነው የምለካው።

በ2017 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ግብር የማይነካውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጓል። ጥሩ ነው። ለዚያች ልጅ በወር ያተረፈላት ግን 157 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ሁለት ኖርማል አይሞላም። ወደ ላይ ስትወጡ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከደመወዙ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። እኔ ያቺን መስመር ባለፈው ዓመት አልፌአለሁ። በመቶ ሺህ የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅም በመጨረሻዋ ብሩ ላይ የሚቆረጥበት ያው 35 ነው። ከዚያ በላይ እርከን የለም። እትዬ ቤት እንኳ ሁለት ዋጋ አለ!

ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልስ? በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። የግል ድርጅት ከዚህ በታች መክፈል አይችልም የሚል ቁጥር ግን ዓመታት ቢያልፉም አልተቆረጠም።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ዱቤ አለ፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ደብተሩ ባለ ጠንካራ ሽፋን ነው፣ በልጆቹ ስም የተከፋፈለ። እንደ ባለሙያ ስመሰክር ከአንዳንድ ድርጅት ሌጀር ይሻላል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ ምጣድና ድስቱን ጥላ ደብተሩን ይዛ ነበር የወጣችው። ስትመለስ ምጣዱም ድስቱም የለም። ብዙ ልጆችም አልተመለሱም፤ ፋብሪካው ቆሟል፣ ቀጥሎ አገሪቱ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስልከው ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ወጣች። የነዚያ ልጆች ዱቤ እስከ ዛሬ አልተሰረዘም። «ይሰረዝ እንጂ፣ ይህ የሞተ ሒሳብ ነው» አልኳት። «እነሱ አልሞቱም» አለችኝና ደብተሩን ዘጋችው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀስቃሽ ወረቀቱን ታቅፎ ገባ። የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ መናገሩ አይጠቅምም፤ በዚያው ሰሞን የሌላኛውም መጥቶ ያወራው ተመሳሳይ ነው። ጨዋ ልጅ ነው። ኖርማል አዘዘና አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ሥራ ዕድል አወራኝ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራኝ። «የደመወዝ ወለል ስንት ይሁን ትላላችሁ?» አልኩት። «እሱ በጥናት የሚመለስ ነው» አለኝ። «ከ14,000 በላይስ አዲስ እርከን ትጨምራላችሁ?» አልኩት። ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየ። ጀርባው ባዶ ነበር።

እንጀራው አለቀበትና «እትዬ፣ ጭማሪ» አለ። መጣለት። በልቶ 90 ብር አስቀምጦ ተነሣ። እትዬ ከምድጃው ሳትነሣ ጎንበስ ብላ ጫማውን አየች።

«የኔ ልጅ፣ ሃያ ብር ይቀርሃል።»

ሳቀና ከፈለ። እኔም ሒሳቤን ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት ዓይኗ ወደ እኔ እግር ወረደ። ደሴ ፒያሳ የገዛሁትን አዲሱን ጫማ አድርጌ ነበር።

«አንቺም» አለችኝ።