«ዋይት-አይድ ጉል በዋስትና» ለሚለው የጅቡቲ ጉዞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ለደብረ ብርሃን፣ ለአንኮበርና ለአካባቢው የወፍ አስጎብኚዎችና ወፍ ወዳዶች በሙሉ

ክረምቱ ሲቃረብ አንድ ማስታወቂያ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። የአራት ቀን ጉዞ በቅናሽ፣ በባቡር ጅቡቲ ደርሶ መልስ፣ «ዋይት-አይድ ጉልን ካላያችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል»። ዋይት-አይድ ጉል፣ በአማርኛ «ነጭ ዓይን ጉል» ማለት ነው፣ በቀይ ባሕር አካባቢ የምትኖር የባሕር ወፍ ናት። ከታች በደቃቅ ፊደል ደግሞ ቀብዱ የዋጋው ግማሽ እንደሆነና እንደማይመለስ ተጽፏል። ሁለቱ አይታረቁም፤ ዋስትናው ገና ሲጀመር በግማሽ ወድቋል።

ከዚህ የሚብሰው ፎቶው ነው። የተለጠፈችው ወፍ ዋይት-አይድ ጉል አይደለችም፣ ሱቲ ጉል የምትባል ሌላ የባሕር ወፍ ናት። ምስሉን አጉሉና ምንቃሩን እዩት። ወፍራም ነው፣ ቢጫ አረንጓዴ፤ ወደ ጫፉ ጥቁር ቀለበት፣ ከቀለበቱ ቀጥሎ ቀይ አለው። ጀርባውም ቡናማ ነው። የዋይት-አይድ ጉል ምንቃር ቀጭን ነው፤ ቀለሙ የደም ቀይ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ስለሆነ ከሩቅ እንዳለ ጥቁር ይመስላል። ጀርባዋ ግራጫ፣ የራሷ ቆብ ጥቁር፣ እግሯ ቢጫ። ስሟ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ዓይኗ ራሱ ጠቆር ያለ ነው። ነጩ ከዓይኗ በላይና በታች ያሉት ሁለት ደማቅ ግማሽ ጨረቃዎች ናቸው። ሱቲ ጉል የላይኛው አለው፣ የታችኛው ግን ወይ የለም ወይ ደብዝዟል። የአንገቱን ነጭ መቀነት አትመኑት፣ ሁለቱም አላቸው። ገና ያልጎለመሱት ላይ ደግሞ ምንቃር ብቻ ተመልከቱ፤ የዋይት-አይድ ሙሉ ጥቁር ነው፣ የሱቲ ግራጫ ሆኖ ጫፉ ጥቁር።

አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ እንግዳ ይዞ የቆመ አስጎብኚ ስትሪኪ ሲድኢተር የተባለችውን ትንሽ ወፍ «አንኮበር ሴሪን» በምትባለው ሌላ ወፍ ስም ጠርቶ ቢያሳይ ምን እንደምንለው እናውቃለን። የስትሪኪ ሲድኢተርን ነጭ ቅንድብ ሳያይ ስም የሚጠራ ሰው እዚህ ሥራ የለውም። ባሕር ዳርቻ ላይም ያው ነው። ሱቲ ጉል እዚያ በቀላሉ ይገኛል፤ ስለዚህ «አሳይቻለሁ» ማለት ለሻጩ ምንም አይከብደውም። ወፏ ታይታለች አልታየችም የሚለውን የሚፈርደው ማነው? ውሉ ላይ የለም። መሄድ የቆረጠ ሰው «ምንቃሯና ሁለቱም የዓይን ጨረቃዎቿ የሚታዩበት ፎቶ ካልተነሳ እንዳልታየች ይቆጠራል» የሚል መስመር ያስገባ። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ጊዜውም ለወፏ ታስቦ አልተመረጠም። ክረምት እኛ እንግዳ የማይመጣልን፣ እጃችን ባዶ የሚሆንበት ወቅት ነው፤ ቅናሹ የተሰላው ለዚህ ነው። ወፏ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ራቁት በሆኑ የቀይ ባሕር ደሴቶች ላይ ትራባለች። ጅቡቲ ከተማ ዳር ቆሞ መጠበቅ በዚያ ወቅት ዕድልን ያጠባል፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከደጋ የወረደ ሰው ከረፋዱ በኋላ ቴሌስኮፕ ላይ ዓይኑን ጥሎ መቆም አይችልም። ያኔ «በጀልባ እንሂድ» ይመጣል። ማስታወቂያው የጅቡቲን የባሕር ዳር ከተማ የታጁራን ስም፣ የጥንቱን የአንኮበር ሲራራ ነጋዴ መንገድ ጭምር ያነሳል፤ ጀልባው ግን ዋጋው ውስጥ አልተካተተም። ደሴት ላይ ውረዱ ቢሏችሁ ደግሞ ፈጽሞ አትውረዱ። እናቲቱ ስትነሳ እንቁላሉና ጫጩቱ ያለ ጥላ ዓለት ላይ ይቀራሉ፣ ፀሐይ ይገድላቸዋል። ለአንድ ፎቶ ይህን ማድረግ ነውር ነው።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። የራሷ ቆብ በዚያ ወቅት ነጭ ነጠብጣብ ስለሚገባበት መለያችሁ ምንቃሯ ይሁን።

የቀኑን ስሌትም እዩት። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባው የባቡር ጣቢያ ከፉሪ ለቡ እስከ ጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። መሄጃና መመለሻው ሁለት ቀን ይበላል፤ ወፍ የሚታይበት ሁለት ቀን ቢቀር ነው። በእነዚያም «ሁልጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት» ተብሎ ተወስኗል። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው የሚገለጥበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ጉሎች ጭቃው ላይ የሚሰበሰቡትም ያኔ ነው። ይህን የማያውቅ መሪ በሞላ ውሃ ፊት ያቆማችኋል። ወደብና የጦር ሰፈር አካባቢ ባይኖኩላር መደቀንና ፎቶ ማንሳት ደግሞ ፖሊስ ያስጠራል፤ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ በጽሑፍ ይመለስላችሁ።

«ፍራንክ ስለጨመረ» ተብሎ ተጨማሪ ክፍያ ከተጠየቃችሁ አትቀበሉ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶላር 177.721 ላይ እንደተቆረጠ ነው። የሚዋዠቀው ብር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በገበያ ይወሰናል። ዋጋው በብር ተቆርጦ ከተፈረመ ያ ኪሳራ የሻጩ ነው።

ቀብድ የከፈላችሁ፣ ማስታወቂያውን ከነፎቶው ስክሪንሾት አንሱት፣ ከመጥፋቱ በፊት። የባንክ ደረሰኙን ያዙ፤ ንግድ ፈቃዱንና የታክስ ደረሰኙን ጠይቁ። ከዚያ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። አሳሳች ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ የሌላ ወፍ ፎቶ ለጥፎ መሸጥም ያው ነው። አቤቱታው ላይ «ምንቃሩ ቢጫ አረንጓዴ፣ ጀርባው ቡናማ» ብላችሁ ጻፉና ትክክለኛዋን ወፍ ፎቶ ጎን ለጎን አያይዙ፤ ወፍ የማያውቅ ሠራተኛም ልዩነቱን በዓይኑ ያያል።