የቤታችንን ፎቶ ላዳኑልን ጋሼ ምስጋና (የቆየ ፎቶ ያላችሁ ሁሉ አንብቡት)

ሰላም ወገኖቼ። አንድ ሰው ለማመስገን ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ካራ አካባቢ፣ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ፎቶ ቤት አለች። ጉርድ ፎቶ ይነሱባታል፣ ፎቶ ኮፒ አለ፣ ላሚኔት አለ። ከበር ላይ ሆናችሁ ስታዩዋት ከሌላው የምትለይበት ነገር የለም። ውስጥ ያሉት ሰው ግን ይለያሉ። በጣም ይለያሉ። ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ስማቸውን ልጽፈው ብዬ ስጠይቃቸው "ተይ ልጄ፣ ሥራው ይበቃል" አሉኝ። የተቀደደ፣ የደበዘዘ፣ ውሃ የነካው ፎቶ ያላችሁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ቦታውን በደንብ አስረዳችኋለሁ። እውነቴን ነው፣ ሌላ ቦታ ከመውሰዳችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ስለ ፎቶው ልንገራችሁ።

እናቴ የሕጻናት ማሳደጊያ ውስጥ የቤት እናት ነበረች። ለማታውቁት፣ አንዳንድ ማሳደጊያ ውስጥ ልጆቹ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተኮልኩለው አይደለም የሚኖሩት። በየቤቱ ይከፋፈላሉ፣ ለየቤቱም አንዲት እናት ትመደባለች። አብራቸው ታድራለች፣ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ቅማል ትለቅማለች፣ ትምህርት ቤት "ወላጅ አምጡ" ሲባል የምትሄደው እሷ ናት። እማዬ ስትቀጠር እኔ ገና ጡት የጣልኩ ሕጻን ነበርኩ፣ አዝላኝ ገባች። እኛ ቤት አስር ልጆች ነበሩ፣ ከኔ ጋር አስራ አንድ። ግቢው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ያኔ ዙሪያውን የገብስ ማሳና ባሕር ዛፍ ነበር፣ ማታ ጅብ ይጮሃል። አሁን እዚያ ስሄድ ሕንጻ በሕንጻ ሆኖ መግቢያው ራሱ ይጠፋኛል።

ሁሉም "እማዬ" ነበር የሚላት። እኔም እማዬ። ልጅ ሆኜ ይሄ ያንገበግበኝ ነበር። አንዱ ሲታመም አቅፋው የምታድረው እሱን ነው፣ እኔ ከግርጌ እተኛለሁ። ስንጣላ ጥፋቱ የማንም ይሁን መጀመሪያ የምትቆጣው እኔን ነው፣ ለልጇ አደላች እንዳይባል። ሥጋ ሲደርሰን የኔን ድርሻ መጨረሻ ነው የምታወጣው። ትምህርት ቤት "የማሳደጊያ ልጅ" እባላለሁ፣ ግቢ ስመለስ ደግሞ "የሠራተኛዋ ልጅ" ነኝ። ለገና ከውጭ ስጦታ ይመጣ ነበር፣ እያንዳንዱ ላይ የልጁ ስም ተጽፎበት። የኔ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፣ ምክንያቱም እናት አለኝ። ትክክል ነው፣ እናት ነበረችኝ። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ይሄን ማን ያስረዳዋል?

አንድ ወንድሜ ነበር፣ በአንድ ዓመት የሚያንሰኝ። ከስጦታው ሳልጠይቀው ያካፍለኛል። እርሳስ ከሆነ ለሁለት ይሰብረዋል። ግማሹን ይሰጠኝና ሁለታችንም በጉርድ እርሳስ ቁጭ ብለን እንስላለን።

ይሄ ወንድሜ ነው በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ የሄደው። በ2010 ዓ.ም. ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን እስኪያስቀር ድረስ ብዙ ልጅ ሄዷል፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ። እያንዳንዱ ሲሄድ አንድ ቤት ውስጥ አንድ አልጋ ባዶ ይሆን ነበር። ስለ አሳዳጊ ቤተሰቦች ተነግሯል፣ ስለ ወላጆችም ተነግሯል። አጥባ፣ አልብሳ፣ ፀጉሩን አበጥራ በር ድረስ ስለሸኘችው የቤት እናት ግን ማን ጠየቀ? እማዬ የዚያን ቀን እራት አቅርባልን እሷ ሳትበላ ቀረች። አትኩሬ ሳያት "ብሉ" ብቻ ነው ያለችን።

አገር ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ያውቃቸዋል፣ ይገባቸዋልም። ለግሸን ማርያም ወሎ ሄደው በድርቁ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕጻናት ይዘው መጥተው ስንቱን አሳደጉ፣ በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ሁላችንም አልቅሰናል። በየማሳደጊያው ስማቸው ሳይነሳ ያረጁ እናቶችም አሉ ለማለት ነው። እናቴ ከነሱ አንዷ ናት።

ወደ ፎቶው ልመለስ። አንድ ጊዜ እንግዶች መጥተው ቤት ለቤት ፎቶ ያነሱን ነበር። ልጆቹ ተደርድረው፣ እማዬ መሃል ተቀምጣ። እኔም ተጠግቼ ቆምኩ። አንድ ሠራተኛ "አንቺ ዞር በይ፣ የነሱ ብቻ ነው የሚፈለገው" አለኝ። ዞር ስል እማዬ እጇን ሰዳ ቀሚሴን ያዘች፣ ካሜራውም ያኔ ቀጭ አለ። ፎቶው ላይ እኔ ጠርዝ ላይ ነኝ፣ ግማሽ ፊትና አንድ ትከሻ። ከዚያ ቤት ያለን አንድ ፎቶ ይሄ ነው። ከእንግዶቹ አንዷ አሳጥባ ላከችልን፣ እማዬ ፍሬም አስገብታው ከአልጋዋ በላይ ሰቀለችው።

ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። ውሃው በግድግዳው ወርዶ ፍሬሙ ውስጥ ገባ። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ፣ ግማሹ ሻገተ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ወንድሜ በፌስቡክ አፈላልጎ አገኘን። አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ አማርኛ ጠፍቶበታል፣ "እማዬ" የሚለው ግን አልጠፋበትም። ከመሄዱ በፊት ያለው ፎቶ ለፓስፖርት የተነሳው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ደንግጦ። "ቤታችን ውስጥ የተነሳሁት የለም ወይ?" አለ። አለ እንጂ፣ ግን በስብሷል። ምን ልበለው?

ከዚያ መንከራተት ተጀመረ። የት የት እንደሄድኩ ስም አልጠራም። መሃል ከተማ አንድ ትልቅ ፎቶ ቤት ገባሁ፣ መብራቱ ብቻ ያስደነግጣል። ልጁ ፎቶውን አየት አደረገና ምንም ሳይጠይቀኝ ጥፍሩን በመስታወቱና በወረቀቱ መሃል አስገብቶ ሊልጠው ጀመረ። ጮህኩ። እስክጮህ ድረስ ግን የአንዷ እህቴ ግንባር መስታወቱ ላይ ቀርቷል። ይቅርታ እንኳን አላለኝም፣ "ድሮም የተበላሸ ነው" ነው ያለኝ።

ሌላው ደግሞ ባሰ። በስልኩ አነሳውና "በኤአይ እንሠራዋለን፣ አዲስ ይሆናል" አለ፣ ቀብድ ተቀበለ፣ አመላለሰኝ። በመጨረሻ ያስረከበኝ ያማረ ፎቶ ነው። ብሩህ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ሰዎቹ ግን እኛ አይደለንም። የማላውቃቸው የሚያምሩ ልጆች እናቴን ከበው ቆመዋል። እናቴም ራሷ እናቴ አይደለችም። እኔ የለሁም፣ "ለማሳመር ጠርዙን ቆረጥነው" አለ። ወንድሜን ስጠይቀው "ያው ልጅ አይደል፣ ማን ይለየዋል?" አለኝ። ማን ይለየዋል! ቤት ወስጄ ለእማዬ አሳየኋት። ዓይኗ ደክሟል፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። "እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?" አለች። ከፍሬሙ ጋር አብሬ ልጥለው ነበር የደረስኩት፣ እንዴት እንዳቃጠለኝ አልነግራችሁም። ሙሉ ዋጋ ነው የከፈልኩት፣ ብሩን መልሱ ስል ደግሞ ሥራ አስኪያጅ የለም ተባልኩ።

ጋሼ ጋ የሄድኩት ጎረቤታችን ጠቁማኝ ነው። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ፍሬሙን ከፌስታል አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አድርገው ዝም ብለው አዩት። ወረፋ ነበር፣ ጉርድ ፎቶ የሚጠብቁ ተማሪዎች ነበሩ፣ እሳቸው ግን አልቸኮሉም። መጀመሪያ ያሉኝ ነገር "እንዳትልጪው፣ ማንም እንዳይልጠው" ነው። ቀለሙ ያለው ላዩ ላይ ስለሆነ ሲረጥብ መስታወቱን ይይዛል፣ በግድ ከተላቀቀ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል አሉ። ከነመስታወቱ እንዳለ ነው የሚነሳው። እንዴት እንዳነሱት፣ በኮምፒውተሩ ምን እንዳደረጉ አትጠይቁኝ፣ አስረድተውኛል፣ አልገባኝም።

ሁለተኛ የጠየቁኝ ነገር ነው እስካሁን ከውስጤ ያልወጣው። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ሳያስነኩ ጠቆም አደረጉና "እናትሽ እጃቸውን ወዴት ነው የዘረጉት?" አሉኝ።

ሌላ ቦታ ማንም አላየውም። ያን ሁሉ ሰው አሳይቼ ማንም የእማዬን እጅ አላየም። "ጠርዝ ላይ አንዲት ልጅ አለች፣ እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ግማሽ ስለሆነች ብትቆረጥም ችግር የለውም" ብዬ ጨመርኩ። ቀና ብለው አዩኝ። "እሷ ከተቆረጠች እጁ የማን ሊሆን ነው? አንቺም ትኖሪያለሽ" አሉ። እዚያው ተማሪዎቹ ፊት አለቀስኩ። ወንበር ሳቡልኝ፣ ውሃ አስመጡልኝ፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ምንም ያላሉኝ ራሱ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ጠየቁኝ። ይሄ ጠባሳ ነው ወይስ ሻጋታ? የዚህች ሹራብ ቀለሙ ምን ነበር? የማላስታውሰውን ለእማዬ ደውዬ እጠይቃለሁ። እማዬ ደግሞ ሁሉንም ታስታውሳለች፣ የሹራቡን ቀለም ብቻ ሳይሆን ከየትኛው የልብስ እሽግ እንደወጣ፣ ማን እንዳለቀሰበት ሁሉ። ጋሼ ስልኩን ላውድ ላይ አድርገው በትዕግሥት ይሰሟታል። የወንድሜ አንድ ዓይንና ጉንጩ ጠፍቶ ነበር። "የሌለ ፊት ፈጥሬ አላስገባም" አሉ፣ ቃል በቃል። የፓስፖርቱን ፎቶ አስልከው ከሱ እያስተያዩ፣ ከሻጋታው ስር የቀረውን ቀስ እያሉ አወጡት። ያልተረፈውን እንዳለ ተውት፣ አገጩ ጋ አሁንም ነጣ ያለች ቦታ አለች። እሷን ሳይ ደስ ነው የሚለኝ፣ ምክንያቱም የቀረው ሁሉ የሱ መሆኑን አውቃለሁ።

ለእማዬ ሳልናገር ፎቶውን ብቻ ሰጠኋት። ወዲያው በጣቷ እየነካች ስም መጥራት ጀመረች። አንድም አልተሳሳተችም። ወንድሜ ላይ ስትደርስ "ይሄው ልጄ፣ እርሳስ ሰባሪው" አለች። እኔ ላይ ስትደርስ "ሰውዬው 'ዞር በይ' ሲልሽ ሰምቼዋለሁ እኮ" አለችኝ። እስከዛሬ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

ለወንድሜም ላክንለት። በቪዲዮ ደውሎ ሁላችንም ተላቅሰናል፣ እሱን አልተርክም።

ዋጋቸው ያ ቀብድ ተቀብሎ ሰው የቀየረብኝ ካስከፈለኝ በብዙ ያንሳል። ለወንድሞቼና ለእህቶቼ ተጨማሪ ኮፒ ሳሳጥብ ደግሞ የወረቀቱን ብቻ ነው የተቀበሉኝ፣ "የአንድ ቤት ልጆች ናችሁ" ብለው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ፣ ዓይንዎን ይጠብቅልን። ወንድሜም በተሰባበረ አማርኛ አመሰግናለሁ በይልኝ ብሏል።

እና እባካችሁ፣ በተለይ ማሳደጊያ ውስጥ ያደጋችሁ፣ የቤት እናቶች የነበራችሁ፣ የነሱም ልጆች፣ ፎቷችሁን ውሰዱላቸው። መስታወት ላይ ከተጣበቀ እንዳለ ከነፍሬሙ ውሰዱት፣ አትላጡት፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት። ጠዋት ጠዋት ለጉርድ ፎቶ የሚመጣ ተማሪ ስለሚበዛባቸው ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ፎቶው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ስለሚጠይቋችሁ እናት ወይም ታላቅ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ካልተቻለ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ። ቶሎ አድርሱልኝ ብላችሁ አታጣድፏቸው፣ ጊዜ ይወስዳሉ፣ ግን ያስረክባሉ። አድራሻውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ ለሚያስፈልገው ሰው እንዲደርስ ሼር አድርጉልኝ።