ካምቢዮዋ አልቋል ለተባለችው ቪትዜ፦ ደብረ ብርሃን ላሉት መካኒክ፣ ለጋሼ፣ የቀረበ ምስጋና

አሮጌ አውቶማቲክ መኪና የምትነዱ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ።

የ2001 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ እናቴ ደግሞ ደብረ ሲና ናት። ስለዚህ የጣርማ በርን ዳገት በወር ሁለት ሦስቴ እወጣለሁ እወርዳለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ መኪናዋ ማርሽ ስትቀይር ትመታኝ ጀመር። ጠዋት ከፒ ወደ ዲ ሳስገባት ከስር "ዷ!" ትላለች። መንገድ ላይ ደግሞ ከሁለት ወደ ሦስት ለመግባት ትዘገያለች፣ ሞተሩ ብቻውን ይጮሃል፣ ከዚያ በድንገት መንጭቃ ትይዛለች። ዳገት ላይ ከኋላዬ አይሱዙ ተጠግቶኝ እንዲህ ስትሆን እጄ ይንቀጠቀጣል።

አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ትንሽ ነዷትና "ካምቢዮው (ማርሽ የሚቀይረው ክፍል) አልቋል፣ ያገለገለ ተፈልጎ ይቀየር" አሉኝ። ከመቶ ሺህ ብር በላይ ነው የጠሩልኝ። የካምቢዮው ዘይትስ ስላቸው፣ ሞተሩ እንደጠፋ መለኪያውን መዘዝ አደረጉና "ሙሉ ነው" ብለው መለሱት።

ወደ ጋሼ የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ጋራዣቸው ከጠባሴ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፣ ትንሽዬ ግቢ፣ ሁለት ልጆች አብረዋቸው ይሠራሉ። ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ጥያቄ ነው ያዘነቡብኝ። "ስትበርድ ነው ስትሞቅ የምትመታሽ? ከስንት ወደ ስንት? ዘይቱን መጨረሻ የነካው ማነው?" እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከዛሬ አልነበረም።

ኮምፒውተር ሰኩባት፣ ስለ ካምቢዮ ምንም ስህተት አላወጣም። ከዚያ ነድተው አሞቋት። ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ረግጠው፣ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አንድ በአንድ እያቆዩ አዟዟሩትና ወደ ፒ መለሱት። መለኪያውን በነጭ ጨርቅ ጠርገው፣ ነክረው አወጡት። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነው! "ልጄ፣ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች ይመለስና ሙሉ ይመስላል፣ ያታልላል" አሉኝ። ጨርቁ ላይ የቀረውን አሸተቱት፣ እኔንም አስሸተቱኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ቡናማ ሆኗል፣ ግን የተቃጠለ ሽታ የለውም።

ዘይቱ የት ሄደ? የካምቢዮውን ዘይት ወደ ራዲያተር የሚወስደው የማቀዝቀዣ ጎማ ቱቦ ጫፉ ተሰንጥቆ ያልብ ነበር። ድምፁስ? ኮፈኑን ከፍተው፣ ከፊቷ ሳይሆን ከጎኗ ቆመው፣ "ፍሬኑን አጥብቀሽ ያዢና አር፣ ዲ፣ አር፣ ዲ አድርጊልኝ" አሉኝ። ሞተሩ ዘሎ ሲመለስ ከመቀመጫዬ አየሁት። ሞተሩን የሚይዘው ጎማ ተበጥሶ ኖሯል። ያ ጠዋት ጠዋት ልቤን የሚያቆመው "ዷ" ካምቢዮ አልነበረም ማለት ነው።

የካምቢዮውን የታችኛውን ክዳን ሲፈቱ ጠሩኝ። ውስጡ ማግኔት አለ። ላዩ ላይ ያለውን ግራጫ ጭቃ በጣታቸው ጠርገው መዳፌ ላይ አሹልኝ፣ እንደ ዱቄት ነው። "ይሄ ያለ ነው። ስባሪ ብረት ብናገኝ ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር" አሉ። የተሰነጠቀውን ቱቦና የተበጠሰውን የሞተር መያዣ ጎማ ቀየሩ፣ ማጣሪያውን አጸዱ፣ አምራቹ ያዘዘውን ቲ ፎር የተባለ የካምቢዮ ዘይት ሞሉ። አንዴ ሲፈስ ሁሉም ስለማይወጣ፣ ከሳምንት በኋላ መልሰው በከፊል ቀየሩልኝ።

ከዚያ አብረን ደብረ ሲና ድረስ ሄድን። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር "ፍሬን ላይ አትተኚ፣ ሁለት ላይ አድርጊያት፣ ሞተሩ ይያዝልሽ" አሉኝ። ስንመለስ ግን ዝም አሉ። ዳገቱን በሙሉ ሬዲዮ ዘግተው ጆሯቸውን ብቻ ሰጥተው ነበር የመጡት። ከሁለት ወደ ሦስት ገባች፣ አልተሰማኝም። እውነቴን ነው፣ ልቅሶ ነው የመጣብኝ።

ያልሆነውንም አልደበቁኝም። ብርድ ጠዋት ላይ ትንሽ ትዘገይ ይሆናል፣ ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ አሙቀሽ ተነሺ ብለውኛል። ከሁለት ወደ ሦስት ያለው መንሸራተት ተመልሶ ከመጣ ቀጣዩ የሚታየው ካምቢዮው ውስጥ ዘይቱን እየመሩ ማርሽ የሚያስቀይሩት ሶሌኖይዶቹና ቫልቭ ቦዲው ነው፣ ያኔም ካምቢዮ መቀየር መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ከተጠራልኝ ዋጋ ሩቡን እንኳ አልከፈልኩም። ላዩበት ቀን ምንም አላስከፈሉኝም። የተበጠሰውን ጎማ በፌስታል፣ የተረፈውን ዘይት ከነጀሪካኑ መልሰው ሰጡኝ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ስልካቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እልካለሁ። እሁድና ወር በገባ በ12 አይከፍቱም። መኪናችሁ ስትበርድ የምትመታ ከሆነ ማታ ወስዳችሁ እዚያው አሳድሯት፣ ጠዋት ራሳቸው ሊያስነሷት ይፈልጋሉ።