ቲል ቀለም ለየትኛው ክፍል? ኤጂያን ቲል፣ ሪቨርዌይ፣ ኦሽንሳይድ ወይስ ቫርዶ

ነጭና ግራጫ ግድግዳ የሰለቸው ሰው በዝቷል። እዚህ አሜሪካ ቤት የገዛ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ስለ ቲል ያወራል። ሰማያዊም አይደለም፣ አረንጓዴም አይደለም፣ ሁለቱ ተደባልቀው ጠለቅ ያሉበት ቀለም ነው። የቀለም አዝማሚያ የሚተነብዩት ደብሊው ጂ ኤስ ኤን እና ኮሎሮ የሚባሉት ኩባንያዎችም የ2026 ቀለም ብለው የመረጡት «ትራንስፎርማቲቭ ቲል» የሚሉትን ነው፤ ስለዚህ ወሬው ቶሎ የሚበርድ አይመስልም። ችግሩ የሚጀምረው ሱቅ ስትገቡ ነው። ከሰማያዊውና ከአረንጓዴው መሀል የተደረደረው ካርድ ማለቂያ የለውም፣ ሁሉም በሱቁ መብራት ያምራል፣ ቤት ሲገባ ግን አንዱ ግራጫ ይሆናል፣ አንዱ ሆስፒታል ይመስላል፣ ሌላው ደግሞ ማታ ላይ ጥቁር ነው።

ስለዚህ በቀላሉ የሚገኙና ብዙ ሰው የሚጠይቅባቸው አራት ቀለሞችን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ለሁሉም ክፍል የሚሆን አንድ ቲል የለም። ክፍሉ ምን ያህል ብርሃን ያገኛል? ማታ ነው ቀን የምትቀመጡበት? ምርጫውን የሚወስነው ይሄ ነው፤ የካርዱ ውበት ሁለተኛ ነው።

ካርዱን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ቁጥር እወቁ፤ ኤል አር ቪ ይባላል። ቀለሙ ስንቱን ብርሃን መልሶ ወደ ክፍሉ እንደሚልክ የሚናገር ቁጥር ነው። 0 ድፍን ጥቁር፣ 100 ንጹሕ ነጭ ማለት ነው። በካርዱ ጀርባ ካጣችሁት በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አለ። በእኔ ልክ፣ ቲል ከ10 በታች ከሆነ መብራቱን አስባችሁ መግባት አለባችሁ፣ 20 ሲያልፍ ዘና ብላችሁ ትኖሩበታላችሁ፣ 50 ካለፈ ደግሞ ቲልነቱ ለስሙ ነው።

ኤጂያን ቲል እና ሪቨርዌይ

እነዚህ ሁለቱ በስልክ ስታዩአቸው ወንድማማች ናቸው፣ ግድግዳ ላይ ግን ይለያያሉ። ኤጂያን ቲል የቤንጃሚን ሙር ነው፣ ቁጥሩ 2136-40፣ በ2021 ኩባንያው የዓመቱ ቀለም ብሎ የመረጠው። ኤል አር ቪው 20ዎቹ ውስጥ ነው። ሪቨርዌይ የሼርዊን ዊሊያምስ ነው፣ ቁጥሩ ኤስ ደብሊው 6222፣ ኤል አር ቪው 15 አካባቢ። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግድግዳ ላይ ግን ሪቨርዌይ ወዲያው ጨለም ብሎ ይታያል።

ኤጂያን ቲል ውስጥ ብዙ ግራጫ አለ። ለዚህ ነው የማይጮኸው። ቲል ፈልጎ ግን የሚፈራ ሰው ካለ ከዚህ ይጀምር እላለሁ። መስኮቱ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ሳሎን ውስጥ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲገባ አረንጓዴው ብቅ ይላል፣ ሞቅ ይላል፣ ከእንጨት ወለልና ከቡናማ ቆዳ ሶፋ ጋርም ጥሩ ይሄዳል። መስኮቱ ወደ ሰሜን ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። የሰሜን ብርሃን ቀዝቃዛ ስለሆነ ያንኑ ግራጫ ያወጣዋል፣ በዝናብ ቀን ደግሞ ቲል መቀባታችሁን ራሱ ትጠራጠራላችሁ። «ይሄ ሲሚንቶ ነው እንዴ» የሚል እንግዳ አይጠፋም።

ሪቨርዌይ ትንሽ ጠቆር፣ ትንሽ ሰማያዊ ያዝ ያደርጋል። መኝታ ቤት ላይ ከኤጂያን ቲል እመርጠዋለሁ። መኝታ ቤት ውስጥ ቀን የሚውል ሰው ጥቂት ነው፣ ማታ በጎን መብራት ሲታይ ግድግዳው ለስለስ ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ነጭ አንሶላና ነጭ መጋረጃም ጎልቶ ይወጣል። ሳሎን ላይ ግን፣ በተለይ ታውን ሀውስ ውስጥ ሁለት ጫፍ ላይ ብቻ መስኮት ያለው ረጅም ሳሎን ከሆነ፣ መሀሉ ይጨልምባችኋል። እዚያ ኤጂያን ቲል ያሸንፋል።

ቡና ለሚፈላበት ማዕዘንም እንደዚሁ። መካከለኛ ቲል ፊት ለፊት የተቀመጠ ጥቁር ጀበና ቅርጹ በደንብ ይታያል፤ በጣም ጠቆር ያለ ቲል ላይ ግን ጀበናው ይጠፋል፣ ስኒዎቹ ብቻ ይቀራሉ። መሶብ ካላችሁ ሌላ ወግ ነው። በቀለማት ክብ ላይ ከቲል ትይዩ የሚቀመጠው ብርቱካናማና ቀይ ቀመስ ነው፣ የሐረር ሞሶብ ቀይና ብርቱካናማ ደግሞ ከዚህ ግድግዳ አጠገብ እንደሚያምረው ነጭ ግድግዳ አጠገብ አያምርም። ግድግዳ ላይ ሰፌድ ለምትሰቅሉ፣ ይኸው ቦታው።

ኦሽንሳይድ እና ቫርዶ

አሁን ወደ ጠንካራዎቹ። ኦሽንሳይድ የሼርዊን ዊሊያምስ ነው፣ ኤስ ደብሊው 6496፣ የ2018 የዓመቱ ቀለማቸው። ኤል አር ቪው ከ10 በታች ነው። ግራጫ የለበትም ማለት ይቻላል፣ ንጹሕና ጥልቅ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቫርዶ የእንግሊዙ ፋሮ ኤንድ ቦል ቀለም ነው፣ ቁጥር 288፣ ስሙን ያገኘው ሮማ (ጂፕሲ) የሚባሉት ተጓዥ ሕዝቦች ከሚኖሩበት በፈረስ ከሚጎተት ያሸበረቀ ጋሪ ነው። ከኦሽንሳይድ ይልቅ አረንጓዴው ይሰማል፣ ሞቅም ይላል።

ኦሽንሳይድ የምግብ ክፍል ቀለም ነው። ማታ ሰው ተሰብስቦ የሚበላበት፣ መብራቱ ከጠረጴዛው በላይ የተንጠለጠለ ክፍል። እዚያ ግድግዳው ይጨልማል፣ ጠረጴዛው ያበራል፣ ወርቃማ ፍሬም ያለው ሥዕል ወይም የቅዱሳን ሥዕል ካለ ደግሞ እንደ ጌጥ ይወጣል። መግቢያ በር ላይም ደስ ይላል። የልጆች መጫወቻ ክፍልና ቤዝመንት ላይ ግን አትቀቡት ብል ይሻላል፤ ቤዝመንቱ ድሮም ብርሃን የለውም፣ ይሄን ስትጨምሩበት ጓዳ ይሆናል።

አንድ ግድግዳ ብቻ ኦሽንሳይድ ቀብቶ ሦስቱን ነጭ የመተው ፋሽን አለ። ለኔ ቀለም አልቆበት የተወው ነው የሚመስለኝ። ድፍረቱ ካለ አራቱንም ግድግዳ፣ በሩንም፣ የመስኮቱን ዙሪያም አንድ ላይ ቀቡ፤ ኮርኒሱን ብቻ ነጭ ተዉት። ድፍረቱ ከሌለ ኤጂያን ቲል እዚያ ማዶ አለላችሁ።

ቫርዶ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ጥያቄው ዋጋው ነው። አንድ ጋሎን ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ለሁለት ዙር ሁለት ጋሎን ስትገዙ አስቡት። ሌላው ነገር አጨራረሱ ነው፣ ማለትም ቀለሙ ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚያብለጨልጭ። ታዋቂው ኤስቴት ኢመልሽን የሚባለው ብልጭታው 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ድፍን ያለ፣ ዱቄት የመሰለ ውበት አለው፣ ግን ልጅ በእጁ ነክቶት በጨርቅ ስታሹት ምልክቱ ይቀራል። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ሞደርን ኢመልሽን የሚባለውን ጠይቁ፣ እሱ ይታጠባል። «ቫርዶን ስካን አድርጌ ሌላ ኩባንያ ላይ ላስቀዳ» የሚል ሰው አለ። ሱቆቹ ያደርጉታል። ቀረብ ይላል፣ አንድ ግን አይሆንም፤ ጠቆር ያለ ቲል ላይ ትንሿ ልዩነት ሰማያዊውን ወይም አረንጓዴውን ታጎላዋለች። ስካን የተደረገውን እንደ አዲስ ቀለም ቆጥራችሁ ራሱን ሞክሩት፣ ከወደዳችሁት ምን ቸገራችሁ፣ ግዙ።

ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ ሆም ዲፖ የሚሸጠው ቤር አለ። «ኢን ዘ ሞመንት» የሚለው የ2018 ቀለማቸው ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ግራጫ የተደባለቀበት ረጋ ያለ ቀለም ነው፣ ለእንግዳ መኝታ ወይም ለሥራ ክፍል በቂ ነው። ጥልቅ ቲል ፈልጋችሁ ከሆነ ግን አያረካችሁም። መስኮት ለሌለው ትንሽ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ቲሉን ሙሉ በሙሉ ትታችሁ ሬይንዎሽድን እዩ፣ ኤስ ደብሊው 6211፣ ኤል አር ቪው 59። ሐመር ነው፣ ቲል አይባልም፣ ግን ቤተሰቡ ነው።

አምፖሉ

ቀለም ቀቢውን ከመውቀሳችሁ በፊት አምፖሉን እዩ። ሳጥኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል ከሆነ ብርሃኑ ቢጫ ቀመስ ነው፣ ቲልን ወደ አረንጓዴ ይስበዋል። 4000 እና 5000 የሚለው ነጭ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ይስበዋል፣ ኦሽንሳይድን ደግሞ ቢሮ ያስመስለዋል። እኔ ለቲል ክፍል 2700 ወይም 3000 ነው የምመክረው። ዋናው ነገር አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት አምፖል አለማድረግ ነው። ኮርኒሱ ላይ 5000፣ ጎን መብራቱ ላይ 2700 ካደረጋችሁ አንዱ ግድግዳ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ ከዚያ «ቀለሙ ተለያየ» ብላችሁ ከቀቢው ጋር ትጣላላችሁ።

ስለዚህ ናሙናውን በሱቅ መብራት አትፍረዱት። የሚለጠፍ ትልቅ ናሙና ይሸጣል፣ እሱን ግዙ፣ ወይም ትንሽ የናሙና ቀለም ገዝታችሁ ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት ዙር ቀቡ። አሮጌው ግድግዳ ላይ በቀጥታ አትሞክሩ፣ ዙሪያው ያለው ክሬም ቀለም ዓይናችሁን ያታልለዋል። ካርቶኑን ከሶፋው ጀርባ አንድ ቀን፣ መስኮት አጠገብ አንድ ቀን፣ በጣም ጨለማው ጥግ ላይ አንድ ቀን አቁሙት። ማታ ደግሞ መብራት አብርታችሁ እዩት። ውሳኔው የሚወሰነው በጨለማው ጥግ ነው።

ማት፣ ኤግሼል፣ ሳቲን

ጠቆር ያለ ቀለም ላይ አጨራረስ ቀልድ አይደለም። ማት፣ የማያብለጨልጨው ማለት ነው፣ የግድግዳውን ጉድለት ይደብቃል፣ ግን የእጅ ቅባትና የቦርሳ ጭረት ያሳያል፣ ስታሹት ደግሞ የታሸው ቦታ ይብለጨለጫል። ሳቲን ትንሽ ያብለጨልጫል፣ ይታጠባል፣ በምላሹ የድሮ ልስን ያለበት ግድግዳ ላይ እያንዳንዱን እብጠት ያወጣል። ለሳሎንና ለመኝታ ኤግሼል መሀለኛ ነው። ኪችን ላይ ያለ ክርክር ሳቲን። ሽንኩርት ቁሌት የሚቁላላበት፣ በርበሬ የሚጠበስበት ቤት የዘይት ጭስ ግድግዳው ላይ ይቀመጣል፣ በማት ቀብታችሁ ያንን ልታጥቡት ብትሞክሩ ታዝናላችሁ። ዕጣን በብዛት የሚጨስበት ቤትም ከማዕዘኑ በላይ ያለውን ኮርኒስ አስቡት፤ ጠቆር ያለ ግድግዳ አጠገብ የደበዘዘ ነጭ ኮርኒስ ቶሎ ያስታውቃል።

ስንት ጋሎን?

አንድ ጋሎን ለአንድ ዙር ከ350 እስከ 400 ስኩዌር ፊት ይሸፍናል። 12 በ14 የሆነ፣ ከፍታው 8 ፊት የሆነ ክፍል ግድግዳው ዙሪያውን 416 ስኩዌር ፊት ነው፣ በርና መስኮት ሲቀነስ ከአንድ ጋሎን ጋር ይጣጣማል። ለሁለት ዙር ሁለት ጋሎን ማለት ነው። ኤጂያን ቲል በሁለት ዙር አብዛኛውን ጊዜ ያልቃል። ኦሽንሳይድና ቫርዶ ነጭ ግድግዳ ላይ ሦስተኛ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ያንን ለማስቀረት ከሥር ግራጫ የተቀላቀለበት ፕራይመር ቀቡ። ሱቁ ራሱ ለቀለሙ የሚስማማውን ግራጫ ይነግራችኋል። ሁለቱን ጋሎን ደግሞ አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ አደባልቁ፤ አንዱ ጋሎን ከሌላው ትንሽ ቢለይ ግድግዳው መሀል ላይ አይታወቅም።

ሼርዊን ዊሊያምስ በዓመት ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ ቅናሽ ያወጣል። በሙሉ ዋጋ መግዛት አያስፈልግም፣ ጠብቁ። ቤንጃሚን ሙር በግል ቀለም ቤቶችና በኤይስ ሃርድዌር ነው የሚገኘው፣ ቅናሹ እንደዚያ አይደለም፣ ግን ሻጮቹ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ጠይቋቸው።

ኪራይ ቤት ለምትኖሩ፣ ውሉን አንብቡ። ስትለቁ ወደ ነጭ መልሱ የሚል ካለ ኦሽንሳይድ ማለት ፕራይመርና ተጨማሪ ዙር ማለት ነው፣ ዲፖዚቱም አለ። ኤጂያን ቲል ወይም የቤሩን ቀቡ፣ ሲመለስ ይቀላል። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ አሮጌውን ቀለም በደረቁ እንዳትሞርዱ። የቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ መጠቀም በአሜሪካ የታገደው በዚያ ዓመት ነው፣ ከዚያ በፊት የተቀባው ሊኖርበት ይችላል፣ አቧራው ለልጅ አደገኛ ነው። አስመርምሩ፣ ወይም ፈቃድ ያለው ሰው ጥሩ።

ቀቢው ከመሄዱ በፊት የጣሳውን ክዳን ፎቶ አንሱ። የቅመማው ቁጥር ያለው እዚያ ላይ ነው፣ ጣሳው ሲጠፋ ያንኑ ቲል ዳግመኛ የምታስቀምሙበት እሱ ብቻ ነው። የተረፈውን በጠርሙስ አድርጋችሁ የክፍሉን ስም ጻፉበት፤ ሶፋው ግድግዳውን መቧጨሩ አይቀርም።