የቻጎስ ርክክብ በብሪታንያ ፓርላማ፦ የ21 ቀናት ሥርዓት ወይስ ረቂቅ ሕግ?

ብሪታንያ በሕንድ ውቅያኖስ የሚገኙትን የቻጎስ ደሴቶች ሉዓላዊነት ለሞሪሺየስ ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ2025 የፈረመችው ስምምነት በፓርላማዋ የሚመረመርበት መንገድ ሁለት ነው። በ2010 በወጣው ሕግ መሠረት ስምምነቱ ለ21 የስብሰባ ቀናት ለሁለቱ ምክር ቤቶች ይቀርባል፤ የጌቶች ምክር ቤት ቢቃወም መንግሥት ምክንያቱን ገልጾ ማጽደቅ ሲችል፣ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተቃውሞ ግን ማጽደቁን ያዘገየዋል። ይሁንና የምክር ቤቱን የክርክር ጊዜ በአመዛኙ የሚመድበው ራሱ መንግሥት ስለሆነ፣ ይህ ሥርዓት ከቁጥጥር ይልቅ ለማሳወቅ የቀረበ ይመስለኛል። ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ስምምነቱን በብሪታንያ ሕግ ተፈጻሚ ለማድረግ የሚቀርበው ረቂቅ ሕግ፣ በአንጻሩ በየአንቀጹ ይፈተሻል፣ ማሻሻያም ይቀርብበታል፤ የጦር ሰፈር ያለባት ትልቋ ደሴት ዲዬጎ ጋርሲያ ለብሪታንያ ለ99 ዓመታት የምትከራይበትን የስምምነት ጽሑፍ ግን በቀጥታ አይለውጥም። ያም ሆኖ ከ1968 እስከ 1973 ድረስ ከደሴቶቹ የተፈናቀሉት ቻጎሳውያን ጥያቄ በማሻሻያ መልክ ቀርቦ ሚኒስትሮችን መልስ ሊያሰጥ የሚችለው በዚህኛው መንገድ ነው።